አይበገሬ የተላጨ ቀን

ተናኘወርቅ ሁለት ባልዲ ውኃ አንጠልጥላ የጋጣውን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ ቶንዶሱ ገና ያጓራ ነበር። ባሏ ታደገ ውሻውን ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ በግራ እጁ አንገቱን ይዞ፣ በነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ራሱን በሚላጭበት ቶንዶስ ከትከሻው እስከ ጭራው ይላጨዋል። ነጭና ቡናማ ጸጉር ጫማው ላይ ተከምሯል።

ባልዲዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"አጥፋው" አለችው።

"ጨርሻለሁ እኮ።"

"አጥፋው አልኩህ፣ ታደገ!"

አጠፋው። ጋጣው ጭር ሲል በየሽቦ አጥራቸው ውስጥ የነበሩት ሌሎቹ ቴሪየሮች ተቀባብለው ይጮኹ ጀመር። ጠረጴዛው ላይ ያለው አይበገሬ ብቻ ዝም ብሎ ቆሟል።

አይበገሬ ፎክስ ቴሪየር ነው። የዚህ ዘር ጸጉር እንደ ሽቦ የሚጠነክረው በጣት እየተነጨ ሲያድግ ነው፤ ማሽን ከነካው ይልፈሰፈሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። እሷ ደግሞ የበረዶውን ወራት ሙሉ፣ ከኦኮቶክስ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ መሬታቸው ላይ ሰው ደጇን ሳይረግጥ፣ ጣቷ እስኪላጥ ጥቂት ጥቂት እየነጨች ነበር ለነገ ያደረሰችው። ነገ ካልጋሪ ከተማ የውሾች ውድድር፣ ሾው፣ አለ። አይበገሬ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያሸንፍ ቻምፒዮን ይባላል፤ ከእሱ የሚወለዱት ቡችሎችም የቻምፒዮን ልጆች ይሆናሉ። እሷም ዶሮና ውሻ ስታባርር የምትውል ሴት መሆኗ ይቀራል፤ ውሻ አርቢ ትባላለች።

"ላግዝሽ ብዬ ነው" አለ ታደገ። "ጸጉሩ ተንጨባርሮ ሳየው..."

"መቀስ እንኳ እንደማይነካው ታውቃለህ። እዚሁ ቁጭ ብለህ ስነጨው ስንቴ አይተኸኛል?"

"እኔ ምን አውቄ? የውሻ ጸጉር አስተካካይ ነኝ?"

"ታውቃለህ።"

ታደገ ጎንበስ ብሎ ቶንዶሱ ጥርስ ውስጥ የተሰገሰገውን ጸጉር በጥፍሩ ያወጣ ጀመር። ያኔ ነው የገባት። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ታደገ አልደነገጠም።

"ውሻው ምን አደረገህ?" አለችው፤ ድምጿ ወረደ።

"ምን አደረገህ ትይኛለሽ? ትናንት ከካምፕ ስገባ አላየሽም? በገዛ ቤቴ በር ላይ፣ ቦርሳዬን እንደተሸከምኩ፣ ጥርሱን አግጥጦ አቆመኝ። አንቺ ደግሞ ሳቅሽ!"

"ስቄ ያዝኩልህ እኮ።"

"ሳቅሽ፣ ተናኘ! ሰሜን፣ ፎርት ማክመሪ፣ ብርዱ ፊቴን ሲገሸልጠው ከርሜ፣ ከሺፍት ሺፍት እየደራረብኩ ሰርቼ ስመጣ፣ ውሻ ያጉረመርምብኛል፣ ሚስቴ ትስቃለች!"

"ማን ሂድ አለህ? ካልጋሪ ፉትሂልስ መጋዘን ስትሰራ ሁልጊዜ እራት ላይ ትደርስ ነበር።"

እውነቷን ነው። ግን ያ ዘመን፣ ነዳጁ ሙያ ያለውንም የሌለውንም ወንድ ሁሉ ወደ ሰሜን ይጠራ የነበረበት ዘመን ነው። ታደገም ተጠርቶ ሄደ፤ መሬቱን ገዛ፣ ሚስቱን ካልጋሪ ሳድል ሪጅ ሰፈር ከነበረው የዘመድ ጉርብትና አውጥቶ እዚህ ሜዳ ላይ አስቀመጣት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቡችሎች ያመጣቸው የሰው ድምፅ ሲርባት ነው።

"የሄድኩት ለማን ብዬ ነው?"

"ለእኔ ከሆነ አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"ቸርች ውስጥ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'ሚስትህ ለውሾቿ ትጸልያለች አሉ' ይሉኛል።"

"እጸልያለሁ። እነሱን ሲያማቸው አያለሁ። አንተን የት አይቼህ?"

ቶንዶሱን ወርውሮ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። አይበገሬ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም።

"እንግዲያው ሽጪያቸው" አለ ታደገ። "ሁሉንም። ወይ እነሱ፣ ወይ እኔ። ምረጪ።"

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። ወደ ጠረጴዛው ተጠግታ የውሻውን እርቃን ጀርባ አየች፤ ማሽኑ የሳተው ቦታ እንደ ቁስል ሻካራ ሆኖ ቀርቷል።

"ስትላጨው አጉረመረመብህ?" አለችው።

ጥያቄው አላማረውም። ግን ፊቱ ትንሽ ላላ።

"የለም" አለ። "እሱ ነው የገረመኝ። እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቦታ ነክቼ ላናድድሽ ነበር። ከዚያ ዝም ብሎ ቆመልኝ። ልክ እንደ ልጅ። ለካ ለምዶኛል አልኩ... እጄን ማንሳት አቃተኝ።" መዳፉን የውሻው ጀርባ ላይ አሳርፎ ነበር የሚያወራው፤ ሳያስበው ይዳብሰዋል።

ተናኘወርቅ ባሏን አየችው። ፊቱ ጠቁሯል፣ ጢሙ ላይ ሽበት ወጥቷል፤ መቼ እንደወጣ አላየችም። ዝም ብትለው ይበቃው ነበር። ዝም ማለት ግን አልፈለገችም።

"ሾው ላይ ዳኛው ጥርሱን ይከፍታል፣ ደረቱን ይጨብጣል፣ እግሩን ያነሳል" አለችው። "ዳኛው ደግሞ የማያውቀው ሰው ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ የማያውቀው ሰው ቢነካው እንዳይንቀሳቀስ ከቡችላነቱ ጀምሬ አስተምሬዋለሁ። ለባዳ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚቆመው።"

ታደገ ቁልቁል ውሻውን አየው።

"ነገ እንደዚሁ ተላጭቶ ይዤው እገባለሁ" አለች፣ የውሻውን ማሰሪያ ከሚስማሩ ላይ እያወረደች። "ማን ነው እንዲህ ያደረገው ቢሉኝ፣ የማያውቀው ሰው ነው እላቸዋለሁ።"

ታደገ እጁን ከአይበገሬ ጀርባ ላይ አነሳ። ካነሳው በኋላ ግን የት እንደሚያሳርፈው ጠፋው፤ መዳፉ ላይ አጫጭር ነጭ ጸጉር እንደተጣበቀ፣ አየር ላይ ይዞት ቆመ።