ከድንጋዩ ሥር

አስናቀው ለሚስቱ መቃብር የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ ሱዳን ካለው የኡም ራኩባ ስደተኞች ሰፈር ጀርባ ወዳለው ራቁት ጋራ ወጣ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጅቡ ስለበዛ፣ መቃብር ሳይከደን አይታደርም ነበር። አብረውት ከጎንደር የተሰደዱት ሽማግሌ፣ አባ ተድላ፣ ከታች ሆነው ድንጋዩን ይቀበሉታል።

አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከፍ ሲያደርግ ከሥሩ ትንሽዬ አመድማ ወፍ ተፈትልካ ወጣች። ጠጠር በተነጠፈበት ጎጆዋ ውስጥ ሦስት ውሃ ሰማያዊ እንቁላሎች አሉ። እህል ከቀመሰ ሁለት ቀኑ ነውና ሳያዝዘው እጁ ተዘረጋ። ወፏ ግን አልራቀችም። አጠገቡ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆና ጅራቷን እየነቀነቀች ቀጭን ዜማዋን ትደጋግም ጀመር።

«ምነው ቆምህ? አምጣው እንጂ» አሉ አባ ተድላ።

አስናቀው እጁን ሰበሰበ። ድንጋዩንም ቀስ አድርጎ እንደነበረ መለሰው።

«ሰው አለበት» አላቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። እሱም ሌላ ድንጋይ ፍለጋ እየተንገዳገደ ወደ ላይ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቃብሩ ተከድኖ አለቀ።

«በል ልጄ፣ አሁን ቤትህ ግባ» አሉት።

አስናቀው ወደ ድንኳኑ ጥቂት ተራመደና ቆመ።

«ማን አለና ነው የምገባው?» አለና እዚያው መንገዱ ላይ ተቀመጠ።