የጥላው ፕላን

«ለአሮጊት ፀሐይ ምን ያደርግላታል?» ነበር ያሉት ጎረቤቱ ጋሽ ሽብሩ፣ ወይም ይህን የመሰለ ነገር፤ ከሃያ ዓመት በፊት ከአጥሩ ማዶ ፎቅ ቤታቸውን ለሚሠሩት ግንበኞች ሲናገሩ ሰምቷል። እናቱ በዚያ ፎቅ ጥላ ሥር «በረደኝ» እንዳለች አረፈች።

አሁን እሱም ጓሮው ውስጥ ባለፎቅ ሰርቪስ ሊሠራ ነው። የፕላን መንደፊያ ሶፍትዌር ሲመርጥ ቆንጆ ሥዕል የሚያወጡትን ትቶ፣ ጥላ በየሰዓቱ የት እንደሚወድቅ የሚያሳየውን ያዘ። ሽማግሌው ፀሐይ ሲሞቁ የኖሩበት ደጅ ስክሪኑ ላይ እስኪጠቁር ቤቱን ወደ አጥሩ አስጠጋው።

አጥር ተጠግቶ ለመሥራት የጎረቤት ፊርማ ያስፈልጋልና ሄደ።

«ጥላው እኛ ደጅ ይደርሳል?» አሉት ወረቀቱን እያገላበጡ።

አንደበቱ ለውሸት እምቢ አለው። «ጠዋቱን ሙሉ፣ ጋሼ።»

«ተባረክ! ሐኪሙ ፀሐይ ከከለከለኝ ወዲህ ደጅ መቀመጥ ናፍቆኛል። አንድ ፎቅ ጨምርበትና አሁኑኑ እፈርምልሃለሁ።»