ኩማ የሸጠው ቱርቦ

ሐዋሳ ውስጥ ከኩማ ሱቅ የመኪና ዕቃ የሚገዛ ሰው ወይ ለከተማው እንግዳ ነው፣ ወይ አማራጭ ያጣ ነው። ሱቋ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። ኩማ ያረጀውን ዕቃ በናፍጣ ያጥባል፣ የሚንኳኳውን በግራሶ ያፍናል፣ የቀረውን በምላሱ ይጨርሰዋል። የከተማው ሰው «ኩማ የሸጠው ዕቃ ሻሸመኔን አያይም» እያለ ይስቅበታል። ሻሸመኔ ደግሞ ሩቅ አይደለችም፤ ግማሽ ሰዓት ናት።

የሚሊኒየሙ ባነር ገና ከመብራት ምሰሶ ላይ ሳይወርድ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ጸሐይወርቅ ከባጃጅ ወርደው ወደዚች ሱቅ መጡ። ታቦር ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል።

እዚያው ጎን ጎማ የሚጠግነው ተፈራ ሲያያቸው ብድግ አለ። ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ኧረ እትዬ! እዚህ ምን ጠፋብዎት?»

«ቱርቦ ልገዛ ነው።»

«ቱርቦ?» ሳቁ አመለጠው፤ ጥቁሩን ልብስ ሲያይ ዋጥ አደረገው። «ይመለሱ በሞቴ። ደህና ሰው ጋ እኔ እወስድዎታለሁ። የዚህ ሰውዬ ዕቃ እኮ ሻሸመኔን...»

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉና አልፈውት ገቡ።

ተፈራ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል» አለው ለጎማው።

ኩማ ከተቀመጠበት ሞተር ላይ ተነሳ።

«ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ! ቱርቦው ለማን መኪና ነው?»

«ለልጄ፣ ለሮቢ። አሮጌ ቶዮታ ገዝቶ ፈታታው፣ ገጣጠመው፣ አሁን እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። እሁድ ይወዳደራል።»

ኩማ ውድድሩን ያውቀዋል። እሁድ ማለዳ፣ ትራፊኮቹ ቁርስ ላይ እያሉ፣ ከከተማው መውጫ ከጥቁር ውሃ ተነስተው ሻሸመኔ ድረስ የሚከንፉ ልጆች ናቸው። አምና አንዱ፣ ፍቅሬ የሚባለው፣ ሳይመለስ ቀርቷል።

«የፍቅሬ እናት ነዎት እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነኝ። ታናሹ ደግሞ የወንድሜን ስም አስጠራለሁ ብሎ ተነሳ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። መኪናውን ባቃጥልበት የሌላ ሰው ለምኖ ይነዳል። ቱርቦው ሲበላሽበት አዲስ አበባ ሄጄ ልግዛ አለ። ተው፣ አጎትህ ይልክልሃል አልኩትና እዚህ መጣሁ። ሁለተኛ ልጅ መቅበር አልችልም፣ ኩማ።»

ኩማ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቱርቦ አወረደ።

«ይሄ ከነሞተሩ ከዱባይ የመጣ ነው። ዘንጉን ይንኩት፣ ንቅንቅ አይልም። ሞያሌ ደርሶ ይመለሳል!»

ለአንድ ጊዜ እንኳን እውነቱን ነበር። የእትዬ ጸሐይወርቅ ፊት ግን ጠቆረ።

«ሌላ የለህም?»

ዋጋ ፈርተው ነው ብሎ ኩማ ከጠረጴዛ ሥር ሁለተኛውን አወጣ። ይሄኛው በግራሶ ያብለጨልጫል። አሮጊቷ ጣታቸውን አስገብተው ዘንጉን ነቀነቁት። ቋ፣ ቋ አለ። ኩማ ድምፁን ለመሸፈን ሳል ሳል አደረገው።

«ያምዎታል እንዴ?» አላቸው ራሱ አስሎ።

«ደህና ነኝ። ይሄ ነገር ሲሰበር ሰው ይጎዳል?»

«ኧረ እትዬ! ጭስ ብቻ ነው። መኪናው ጉልበት ያጣና ቀስ ብሎ ዳር ይይዛል። ግን ምን ሲደረግ ይሰበራል? ብረት እኮ ነው!»

እትዬ ጸሐይወርቅ ዓይን ዓይኑን አዩት። ኩማ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ዓይን ውስጥ እያየ ዋሽቷል፤ እንዲህ ዓይነት ዓይን ግን ገጥሞት አያውቅም።

«ይሄኛውን ጠቅልልልኝ» አሉ። ዋጋ አልተከራከሩም። በሩ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡትና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

ኩማ ካርቶን አነሳ። እጁ እምቢ አለው። አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ መደርደሪያው አየ። ከዚያ ያንን የሚንኳኳውን ከጠረጴዛ ሥር መለሰና የዱባዩን ካርቶን ውስጥ ከተተው። በሲባጎ ጠፍሮ አሰረው። እንዳይጸጸት ነው መሰለኝ ሁለት ጊዜ ቋጠረው።

እሁድ ጠዋት ኩማ ጥቁር ውሃ ሄደ። በሕይወቱ የሸጠውን ዕቃ ተከትሎ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው። ተፈራም እዚያው ነበር።

«ምነው ኩማ፣ ሬሳውን ልታነሳ መጣህ?»

«አፍህን ዝጋ። ዛሬ ታየኛለህ።»

አምስት መኪኖች ተሰልፈዋል። እትዬ ጸሐይወርቅ ሮቢን በመስኮት ስመውት ወደ ዳር ወጡ። ሐሙስ ዕለት የነበረው ፊት የለም፤ የተረጋጋ፣ ፈገግ ሊል የደረሰ ፊት ነው። ባለባጃጁን «እንዳትሄድ፣ አሁን ልጄን ይዘን እንመለሳለን» ይሉታል። ክንዳቸው ላይ የመኪና መጎተቻ ገመድ ጠምጥመዋል። ኩማ ገመዱን ሲያይ ትንሽ ከፋው።

የመነሻ ምልክት ሆኖ አንድ ነጠላ ወደ ላይ ተወረወረ። መኪኖቹ ጮኹ። የሮቢ ቶዮታ ከሁሉም ተፈትልኮ ወጣ፣ ከፊት ሆነ፣ አነሰ፣ መታጠፊያው ላይ ጠፋ።

እትዬ ጸሐይወርቅ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጭሱስ?» አሉ።

ኩማ አላስቻለውም፣ ሮጦ አጠገባቸው ደረሰ። «ጭስ የለም እትዬ! እርስዎ ሲጸልዩ እኔ ቀየርኩት። የዱባዩን ነው ያሰርኩልዎት። እንኳን ሻሸመኔ፣ ሞያሌም ይደርሳል!»

ገመዱ ከክንዳቸው ላይ እየተፈታ መሬት ወረደ።

«ኩማ» አሉ ከመንገዱ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ዕቃህ ሻሸመኔን አያይም ስላሉኝ እኮ ነው አንተ ጋ የመጣሁት።»