የስድስት ቀን መብት

«አንተ ደላላ እንጂ ልጇ አይደለህም!»

«ቀስ በይ፣ አካ። ሰው ይሰማናል።»

«ይስማ! ሃያ ስምንት ዓመት ጓንት ፋብሪካ ቆማ ያጠራቀመችውን ነው እኮ ልትበላባት የመጣኸው!»

ኮጊላ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። በማሌዢያዋ ኢፖህ ከተማ፣ የሰው ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮንና ቦንድ በሚገዛ የፈንድ ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ዞር ዞር እያሉ አዩአቸው። ታላቅ እህቱን «አካ» የሚላት ታናሽ ወንድሟ ሲላን የክራባቱን ቋጠሮ ነካካ። የኩባንያው ወኪል ከሆነ ገና ሦስት ወሩ ነው።

እናታቸው ፓራሜስዋሪ በሁለቱ መሀል ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ቦርሳው ውስጥ የስድሳ ሺህ ሪንጊት ቼክ አለ። የጡረታ ገንዘባቸው ነው። ሌላ ምንም የላቸውም።

ግድግዳው ላይ የሂንዱዎቹ የዲፓቫሊ በዓል ቅናሽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ፈንድ የሚገዛ ሰው የሚቆረጥበት የመግቢያ ክፍያ ከመቶ አምስት ወደ አንድ ተኩል ወርዷል። ቅናሹ የሚያበቃው ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

«በሌላ ቀን ሦስት ሺህ ነበር የሚቆረጥባት። ዛሬ ዘጠኝ መቶ ብቻ» አለ ሲላን። «ከዚያ ላይ ለእኔ ምን ይደርሰኛል? የሞተር ሳይክሌን ነዳጅ እንኳ አይሸፍንም።»

«ታዲያ ምን ላብ በላብ አደረገህ?»

እውነትም አልቦት ነበር።

«ንገራታ!» አለች ኮጊላ። «በዚህ ወር የሽያጭ ኮታህን ካልሞላህ እንደምትባረር ንገራት!»

እናት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አማ» አለ ሲላን አንገቱን ደፍቶ። «ግን ፈንዱም ጥሩ ነው።»

«እንደ ስልክ መጠገኛ ሱቅህ ጥሩ? ወይስ እንደ ዱሪያን ፍሬ ንግድህ? ዱሪያኑ እንኳ ቢያንስ ሲበሰብስ በግማቱ ነግሮናል።»

እናት ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሳሪ ልብሳቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ሲላን ሦስት ወረቀቶች ጭናቸው ላይ ዘረጋ። የመጀመሪያው ፈንድ ገንዘቡን በሙሉ አክሲዮን ላይ ያውላል። ሁለተኛው ግማሹን አክሲዮን፣ ግማሹን ቦንድ ይገዛበታል። ሦስተኛው ቦንድ ብቻ ነው።

«የመጀመሪያው ዘንድሮ ሁሉንም በልጧል» አለ።

«የእነማንን አክሲዮን ነው የሚገዛው?» አሉ እናት።

«የባንኮች፣ የፓልም ዘይት፣ ሁለት የጓንት ፋብሪካዎች...»

«ተወው። ጓንትን ለእኔ ተዉልኝ። በወረርሽኙ ጊዜ ቀን ከሌት ሠራን፣ ባለ አክሲዮኖቹ ጨፈሩ። ከዚያ ከሦስቱ ፈረቃ ሁለቱን ዘጉት።» ጣታቸውን ሁለተኛው ወረቀት ላይ አሳረፉ። «የመሀሉ ይሻላል።»

ኮጊላ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደችው። «አማ፣ ባንክ አስቀምጪው። ፈንድ ካማረሽም ነገ ሌላ ኩባንያ እወስድሻለሁ። የዚህ ልጅ ኮታ የሌለበት ቦታ።»

«ነገ ቅናሹ የለማ!» አለ ሲላን።

እናት ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «አባታችሁን ካምዮን ከገጨው ዘጠኝ ዓመቱ» አሉ። «የካሳውን ገንዘብ ሆስፒታሉ ጨረሰው ተባለ። ይሄም ካለቀ የማንን በር አንኳኳለሁ?»

«የእኔን» አለች ኮጊላ፣ እጃቸውን ይዛ። «ያኔስ ማን ነበር የሮጠው? ሲላን ገና ተማሪ ቤት ነበር። የካሳውን ወረቀት ሁሉ ማን ጨረሰልሽ?»

«አንቺ ነሽ፣ ልጄ። እኔማ ባሳየሽኝ ቦታ መፈረም ብቻ ነበር።»

ሲላን ሰዓቱን አየ። ለአሥር አሥራ አምስት ጉዳይ።

«አማ፣ አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ስድስት የሥራ ቀን ይሰጠዋል። በስድስቱ ቀን ሐሳብሽን ከቀየርሽ የተቆረጠብሽ ክፍያ ጭምር ይመለስልሻል። ሕግ ነው።»

«ዘጠኝ መቶውም?»

«ዘጠኝ መቶውም።»

እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ላላ። «እንዲያ ከሆነ ምን ቸገረኝ? ልፈርምና ኮጊላ ስድስት ቀን ታጣራልኛለች።»

ቁጥራቸው ተጠራ። እናት ሲነሱ ኮጊላ የቦርሳውን ማንገቻ ያዘች።

«እንሂድ፣ አማ። መታወቂያሽን አትስጪያቸው።»

«ያለ መታወቂያ እንዴት ይገዛል?» አለ ሲላን።

«አንተ ዝም በል» አለች። አሁን ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አማ፣ ነገ። ነገ ራሴ እወስድሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

እናት ቦርሳቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና መታወቂያቸውን መስኮቱ ላይ አኖሩት።

ሻሽ የጠመጠመችው ወጣት ሠራተኛ ቁጥሩን አስገባች። ቆም አለች። መታወቂያውን አየችና እንደገና አስገባች።

«እማማ፣ የስድስት ቀኑ መብት ለእርስዎ አይሠራም» አለች።

እናት ቀስ ብለው ወደ ሲላን ዞሩ። «ዋሸኸኝ?»

«ኧረ አልዋሸሁም! ስህተት ነው» አለ ሲላን፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «እባክሽ እንደገና እዪው። አዲስ ደንበኛ ናት።»

«አዲስ አይደሉም። እዚህ ሂሳብ ከከፈቱ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። በካሳ ቼክ የገባ ሰማንያ አምስት ሺህ ሪንጊት ነበራቸው።» ሠራተኛዋ ግራ እንደተጋባች ሦስቱንም አየቻቸው። «ሂሳቡ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ብቻውን ፈርሞ ማውጣት ይችላል። ባለፈው ዓመት ሁለተኛው ባለ ሂሳብ ሁሉንም አውጥተውታል።»

«ሁለተኛው ማነው?» አለ ሲላን።

ሠራተኛዋ ስሙን ለማንበብ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች።

ኮጊላ የመኪናዋን ቁልፍ ከወንበሩ ላይ አነሳች፣ በእናቷ አጠገብ አልፋም በመስታወቱ በር ወጣች።