አንዲት ቀዳዳ ለቬፑ

አለቃ ጁዎ ቬፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ይሠራል፤ ቬፕ የሚያጨስ ሰው ግን ይንቃል። ቻይና፣ ሼንዘን ከተማ፣ ሻጂንግ ሰፈር ያለው ፋብሪካው አንዴ ተጭሶ የሚጣለውን ያመርታል። ደንበኞቹን «ጡጦ የሚጠቡ ትልልቅ ሕፃናት» ይላቸዋል። እሱ ራሱ አንድም ቀን አፉ ላይ አድርጎት አያውቅም።

እንግሊዞች የሚጣለውን ቬፕ ሊከለክሉ መሆኑን ሲሰማ መሐንዲሷን ሚያዎ ቺዩላንን ጠራት።

«ቂጡ ላይ አንዲት የቻርጀር ቀዳዳ ብሺለት። ቻርጅ ከተደረገ የሚጣል አይባልም።»

«ቀዳዳ ብቻውን አይበቃም፣ አለቃ።»

«ለማን ነው የማይበቃው? ሕፃን እኮ ቻርጅ አያደርግም። ይጠባል፣ ይጥላል፣ አለቀ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት ያስፈልጋል። ተጭሶ የሚጣለው ቬፕ ውስጥ ያለው ባትሪ ስልክ ውስጥ ካለው ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ደጋግሞ ቻርጅ ሊደረግ ይችላል። ሰው ግን አንዴ ተጠቅሞ እንደ ማስቲካ ይተፋዋል። ታዲያ ቀዳዳ ቢበሳለት ምን ችግር አለው? ችግሩ ቬፕ ማብሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ሲሳብ የአየሩን ግፊት የሚያውቅ ትንሽ መሣሪያ ውስጡ አለ፤ የሚያበራው እሱ ነው። በአዲሱ ቀዳዳ ነፋስ ከገባ የሚስብ ሰው ያለ ይመስለውና ኪስ ውስጥ ብቻውን መጋል ይጀምራል። የሱሪ ኪስ የት አካባቢ እንደሆነ አስቡት።

ቺዩላን ይህን ለመፍታት ስትለፋ ከረመች። በመጨረሻ የአየሩን መንገድ ከቀዳዳው ለይታ በጎን አዞረችው፤ ከታች በኩል ፈገግ ያለ ከንፈር የመሰለ ጉብታ ወጣለት። ናሙናውን ከሥራ ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ትሄዳለች። ጁዎን አላስፈቀደችም። ማዶ ባለው ተፎካካሪ ፋብሪካ የምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛም አለቻት፤ ምሳ ሰዓት አብረው ኑድል ይበላሉ።

ጁዎ በበኩሉ የሠራው ሥራ ቢኖር ዋጋ ማስቀነስ ነው። ቀልጦ የሚመጣ ፕላስቲክ የሚፈስበትን የብረት ሞልድ የሚቀርጽለትና ፕላስቲኩንም እዚያው የሚያፈስለት ፓንግ ዘንድ ሄደ። ሻይ ቀረበ።

«ወንድሜ ፓንግ፣ ለአንዲት የፕላስቲክ ቱቦ ይህን ያህል? ሌላ ዋጋ የለህም?»

«በጋራው ሞልድ ከሆነ ግማሽ ነው።»

«በጋራው አድርገዋ! የሙሽራ ቀለበት አይደል የማሠራው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወይ ፓንግ! ሻይህን ቅዳ።»

ፓንግ ቀዳ። ጁዎም በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ አመሰገነ። ይህን ድሉን ለዘበኛው ሳይቀር ሲያወራ ሰነበተ።

የመጀመሪያው ጭነት መርከብ ላይ ሳይወጣ፣ ጁዎ የስልኩን መስታወት ሊያስቀይር ሁዋቺያንግቤይ ገበያ ወረደ። አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የራሱን ቬፕ አየ። ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ ዋጋው ከሱ የረከሰ። ከታች ፈገግታው አለ። ከፈገግታው ሥር ደግሞ ጥፍር የጫራት የምትመስል ቀጭን ጭረት አለች፤ ከጁዎ ፋብሪካ በሚወጡት ሁሉ ላይ ያለችዋ ጭረት።

«አጎቴ፣ ካርቶን ሙሉ ልስጥህ?» አለው ሻጩ። «ቻርጅ ይደረጋል። አዲስ ፈጠራ ነው።»

ጁዎ አንዱን ገዝቶ ተመለሰ። ገጣጣሚዎቹ ሁሉ እጃቸውን አቁመው እያዩ፣ የገበያውንና የራሱን ቺዩላን ፊት ጠረጴዛው ላይ ወረወራቸው።

«ቦርሳሽ በስንት ሸጠልሽ?»

«አለቃ፣ አልሸጥኩም።»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ? ከማዶዋ ጓደኛሽ ጋር ኑድሉ ላይ ነው የተዋዋላችሁት?»

«ቦርሳዬ ውስጥ የምይዘው አውቶቡስ ላይ ግፊያ ውስጥ ይግል እንደሆነ ለማየት ነው።» ሁለቱንም አንስታ ብርሃን ላይ አዟዟረቻቸው። «ይቺን ጭረት ይዩዋት። እኔ አልሳልኳትም። በእጄ የሠራሁት ናሙና ላይም የለችም።»

«አየሽ! ሌባ እንዲህ ነው፤ ጉድለቱን እንኳ አይተውልህም።»

«እባክዎ አለቃ፣ ጭረቷ ከየት እንደመጣች ይጠይቁ። ሻጂንግ ውስጥ ሌባ ከተባልኩ ማንም አይቀጥረኝም።»

«ማን ይቅጠርሽ አለ?»

እዚያው ፎቶ አነሳት። የሻጂንግ ቬፕ አምራቾች ሁሉ ያሉበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈውና ከሥሩ «ሌባ» ብሎ ጻፈበት። ቺዩላን የምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ከኋላዋ ስልኮች አንድ በአንድ ሲጮኹ ይሰማታል። በሩ ላይ ዘበኛው እሷን ላለማየት ጫማውን ሲመረምር ቆየ።

ጁዎ ቀለል አለው። አሁን የሚቀረው ከሌቦቹ ቀድሞ ብዙ ማምረት ነው። በቀጥታ ወደ ፓንግ ሄደ። ግቢው ውስጥ የማያውቃቸው የጭነት መኪናዎች ተደርድረዋል፤ ለነሱ ቁብም አልሰጠ።

«ወንድሜ ፓንግ፣ ያቺን ሌባ አባረርኳት!» አለ ገና ከበሩ። «በል አሁን ቬፔን ሌት ተቀን አፍስልኝ።»

ፓንግ ሻይ ቀዳለት።

«ወረፋ አለ፣ አለቃ ጁዎ። የጋራው ሞልድ ላይ ከአምስት ፋብሪካ ቀጥሎ ስድስተኛ ነህ።»