የፍልሰታ ውሃ

«ይያዙት እንጂ አባ፣ ስልክ ነው፣ እባብ አይደል!» ትላለች እናቴ።

ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ ጥቁር ጃንጥላ ይታየኛል፣ ቀጥሎ ጥምጣም፣ ከዚያ የነፍስ አባቴ የመምሬ ገብረ ክርስቶስ ግማሽ ፂም። ቢቸና እየዘነበ ነው። ለቅዳሴ ሲሄዱ መንገድ ላይ ነው እናቴ ያስቆመቻቸው። እኔ ኩዌት፣ የማዳም ኩሽና ውስጥ ቆሜአለሁ። ሰዓታችን አንድ ነው፤ እዚያም ስድስት፣ እዚህም ስድስት።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ፈንታነሽ። ወደቀች አለችኝ እናትሽ፤ ምን ነካሽ?»

ምን እላለሁ? ትናንት ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ወደቅሁ። ፍልሰታ ከገባ ስምንት ቀኑ ነው፤ እንደ አገሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አልቀምስም። ማዳም ደንግጣ ፊቴ ላይ ውሃ ስትደፋ እንኳ አፌን ገጥሜ ነበር። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ላድርግ! ዛሬ ጠዋት ቁርጡን ነገረችኝ፤ ካልጠጣሽ ሬሳ አላነሣም፣ ወደ ኤጀንሲው እመልስሻለሁ አለች። ያለ ነፍስ አባቴ ፈቃድ አልጠጣም አልኳት። «እንግዲያው ደውይላቸው» ብላ ይኸው እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ሙቀቱ ነው አባ። አርባ ዘጠኝ ገብቷል። የቧንቧው ውሃ እጅ ይልጣል።»

«የዓባይ በረሃን ያህላል?»

«ኧረ አባ! ዓባይ በረሃ እዚህ ቢመጣ ጋቢ ይለብስ ነበር።»

ይስቃሉ። ሳቃቸው እንዴት ናፍቆኝ ኖሯል!

«በይ ጠጪ» ይላሉ፣ እንደ ቀላል ነገር። «እመቤታችን ተነሣች ብለን ነው የምንጾም፤ አንቺን ውደቂ አላለችም። እህሉን እስከ ዘጠኝ ቆይ፤ ውሃውን ግን እንደ መድኃኒት ጠጪ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንባዬ ይቀድመኛል።

«አባ፣ አምስት ዓመቴ ነው። ደወል አልሰማ፣ ጸበል አልጠጣ፣ አልቆርብ። እናንተ መካከል ያለሁ የሚመስለኝ ሲርበኝና ሲጠማኝ ብቻ ነው። ዘጠኝ ሲሞላ፣ እናቴም አሁን ነው የምትቀምሰው እላለሁ። ይህቺንም ሊወስዱብኝ ነው?»

ዝናቡ ጃንጥላውን ይደበድበዋል። እንዲህ ስናገራቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍራለሁ።

«ልጄ» ይላሉ መምሬ፣ «ከዓረብ አገር በሣጥን ለመጡ ሁለት ልጆች ጸሎተ ፍትሐት አድርሻለሁ። አንዷ ካንቺ ጋር ፊደል የቆጠረችው ስርጉት ናት። ሦስተኛ አላደርስም። ጠጪ ብያለሁ፣ ጠጪ!»

መስቀላቸውን ወደ ስልኩ ያስጠጋሉ። የጋለውን ስክሪን እስማለሁ። ቅዳሴው እንዳያመልጣቸው ስልኩን ለእናቴ ሰጥተው ይሄዳሉ።

አሁን እናቴ ብቻ ናት። ነጠላዋ በስብሷል። ከማቀዝቀዣው ውሃ እቀዳለሁ፤ ብርጭቆውን ይዤ እቆማለሁ። ማዳም ከበሩ አትነቃነቅም።

«ምን ትጠብቂያለሽ ፈንትዬ? ጠጪ እንጂ የኔ ልጅ።»

አንድ ጊዜ ጎንጨት እላለሁ። ይጣፍጣል፤ መጣፈጡ ያናድደኛል።

«ድገሚ» ትላለች።

እደግማለሁ። እሷ ከትናንት ወዲህ አፏ ውሃ አልነካውም፤ ከንፈሯ ደርቋል። እኔ በተጎነጨሁ ቁጥር፣ ሕፃን እንደሚያጠጣ ሰው፣ እሷም በባዶ ጉሮሮዋ ዋጥ ታደርጋለች።