ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ብልጦን ላቦራቶሪ ያስቀጠረችው ታላቅ እህቱ ናት። «እዚያም ሄደህ እጅህ አላርፍ ካለ በሬን እንዳትረግጥ» ብላዋለች። የሙከራ ጊዜው ነገ ያልቃል። ኃላፊዋ ከፈረሙለት ቋሚ ይሆናል፤ ካልፈረሙለት ወደ ጎዳናው።

ችግሩ የእህቱ ባል ነው። ሰውዬው ባትሪ ጠጋኝ ነው፤ አሲድ አልቆበታል። «አሲድ መሃል እየዋልክ አንዲት ጠርሙስ ታቅትህ?» እያለ ራት በቀረበ ቁጥር ይነዘንዘዋል። ብልጦ ደግሞ «ያቅተኛል» የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም።

ኃላፊዋ ጠዋት ጠዋት ያችኑ ይደግማሉ።

«መነጽር?»

«አለ፣ እትዬ።»

«ጓንት? ሽርጥ?»

«ሙሽራ መስያለሁ፣ እትዬ።»

«አሲዱን ወደ ውሃው። ውሃውን ወደ አሲዱ ካደረግክ ፈልቶ ፊትህ ላይ ይረጭሃል። ቀስ እያልክ፣ እያማሰልክ። ያኔም ቢሆን ይግላል፣ ተጠንቀቅ።»

እሳቸው ራሳቸው አሲድ የሚያወጡት ከተቆለፈው ቁም ሳጥን ነው፤ ያኔ ከዓይናቸው እስከ ጫማቸው ይሸፈናሉ። ለብልጦ የሰጡት ግን አንገቱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበትን ጠርሙስ ነው፤ ውሎ አዳሩ ክፍት መደርደሪያ ላይ። እሱ ሲቀዳ አጠገቡ የሚቆሙትም ያለ መነጽር፣ እጃቸውን አጣምረው ነው። ለኔ ሕግ፣ ለሳቸው ነፃነት፣ አለ ብልጦ በሆዱ።

የዛሬውን ቀድቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ዳሰስ አደረገው። ቀዝቃዛ ነው።

«አዩ፣ እትዬ? እኔ ስይዘው አሲዱም አይቆጣም።»

ኃላፊዋን ሳል ያዛቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መውጫ ሰዓት ላይ ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ያን ያህል የሚፈራው ነገር ሲሸከሙት ቀላል መሆኑ ገረመው።

በሩ ላይ ዘበኛው የብስክሌቱን ካቴና ሲያስር ነበር፤ እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

«ቦርሳ» አለ። ፎጣውን ዳበሰው። «ይሄ ምንድነው?»

«ውሃ ነው፣ ወንድሜ። ለመንገድ።»

«እግዜር ነው የላከህ። ቧንቧው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል፤ እጄን ልታጠብ።» ፎጣውን ሳይገልጥ ጠርሙሱን አወጣና ክዳኑን ማዞር ጀመረ።

ብልጦ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ዝም ቢል ነገ ቋሚ ነው፤ እህቱም በየጎረቤቱ ታወራለታለች። ክዳኑ አሁንም ዞረ።

«ተው! አሲድ ነው!» ጠርሙሱን ከእጁ መነጨቀው። «ሰርቄው ነው። በቃ፣ ሰርቄው ነው። እጅህን እንዳታስነካው።»

ዞር ሲል ኃላፊዋ ከኋላው ቆመዋል። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ሁሉንም ሰምተው። ብልጦ ጠርሙሱን እንዳቀፈ አቀረቀረ።

«አምጣው» አሉት።

«እትዬ፣ ጓንት አላደረጉም።»

«ነገ እንዳታረፍድ» አሉት ተቀብለውት።

ከዚያም ክዳኑን ከፈቱና እጃቸውን ታጠቡበት፤ በቀረውም ዘበኛውን አስታጠቡት።